ዶማ ይዞ ቤት ፍለጋ

በዚህ አገር ሰው ቤት የሚሠራው ቤት ወዶ አይደለም፤ አከራዩን ጠልቶ ነው! አትከራከሩኝ። ባለ አዲስ ቤት የሆነ ጎረቤታችሁን ጠይቁት። «መብራት አጥፋ ብሎኝ...»፣ «ውሃ አበዛችሁ ብላኝ...» እያለ ይተርክላችኋል። የቂም መሠረት ከድንጋይ መሠረት ይጠነክራል። የእኔና የባለቤቴ መከራ ታዲያ ምን መሰላችሁ? አከራያችን ለመጠላት የማይመቹ ሰው ናቸው!

እትዬ አንጓች ይባላሉ። እዚህ ቢቸና፣ ከሟች ባላቸው ጋር የሠሩት ረዥም የጭቃ ቤት አላቸው። ልጆቻቸው አድገው በየአገሩ ተበትነዋል። እኔ ከአሰላ ተመድቤ የመጣሁ የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ባለቤቴ ብዙአየሁ ደግሞ የሞጣ ልጅ፣ የሂሳብ አስተማሪ። ከረዥሙ ቤት በአንደኛው ጫፍ ሁለት ክፍል ተከራይተን ስንኖር እትዬ አንጓች ክፉ ቃል ተናግረውን አያውቁም። ጥፋታቸው ደግነታቸው ነው! «ብዙአየሁ፣ ወጡ ሊያርርብሽ ነው!» ይላሉ ከግድግዳው ማዶ። ሳስነጥስ «ይማርህ!» የሚለኝ ግድግዳው ነው።

ሁለተኛ ልጃችን በመንገድ ላይ መሆኑ ሲታወቅ ግን ቤቱ ጠበበን። የትልቋ ልጃችን የማርቆን አልጋ ከእኛ አልጋ ተጋጥሟል። ብዙአየሁ ሆዷ እየገፋ ሲመጣ በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል በጎን ካልሆነ ማለፍ አቃታት። አንድ እሑድ ነጠላዋን ሳታወልቅ ፊቴ ቆመች።

«ስማ፤ ወይ እንግዛ፣ ወይ እንሥራ፣ ወይ እዚሁ ክፍል እንቀጥል። ይህ ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ አይተኛም!»

«መከራየቱስ ምን አለው?»

«ለአንተ ምንም የለው። ሆድህ ባዶ ነው!»

መጀመሪያ መግዛትን ሞከርን። ደላላው «ፀሐይ የጠገበ፣ ሰላም የሰፈነበት ቤት» እያለ ወሰደን። እውነትም ፀሐይ ሞልቶታል። ግን መደቡ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እኚህ እናት ማናቸው?» አልኩት በሹክሹክታ።

ጆሮውን አከከ። «የሻጩ እናት ናቸው...»

«መቼ ይለቃሉ?»

ደላላው ድምፁን ከፍ አደረገና «እማማ! እነዚህ ቤቱን ሊገዙ ነው የመጡት!» አላቸው።

«ይግዙ እንጂ!» አሉ ቀና ሳይሉ። «የሚሸጠው ቤቱ ነው። እኔን የሸጠ የለም።»

ወጣን። ቤት ከነእናትዬው ሲሸጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ቀጥሎ መሥራት። አማቴ የኔታ ሞጣ ውስጥ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው፤ ከግቢያቸው ጥግ ቦታ ሊሰጡን ጠሩን። ሄድን። ቦታውን አየሁና ማመንታት ጀመርኩ። ሥራዬ ቢቸና፣ ቤቴ ሞጣ ከሆነ እኔ የምኖረው አውቶቡስ ውስጥ ነው ማለት ነው! የኔታ ማመንታቴ ገባቸውና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትንሹ ለአንድ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ያቆማል። ባልሽ ለአንድ ትዳር አንድ ቤት አቃተው?»

ብዙአየሁ ከት ብላ ሳቀች። እኔም የገባኝ መስዬ ሳቅሁ። የቅኔ ስንኝ «ቤት» እንደሚባልና ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት መሆኑን የነገረችኝ ስንመለስ ነው። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር!

ቢቸና ገብተን ጫማችንን ሳናወልቅ «የአንተ ጥፋት ነው»፣ «የአንቺ ነው» ስንባባል ግድግዳው ተናገረ።

«ኧረ ምነው ልጆቼ! ጓዳዬን ለምን አትወስዱትም? ከመኝታ ቤታችሁ ጀርባ እኮ ነው። በር ክፈቱለት፤ ተቀጠለ ማለት ነው!»

አያችሁ? መፍትሔው ጀርባችን ተኝቷል! ብዙአየሁ አናጢ እንጥራ አለች። እኔ ደረቴን ነፋሁ። «ለአንድ የጭቃ ግድግዳ አናጢ? ዶማ ብቻ አምጪልኝ!» አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለካ ስለ እኔ ኖሯል።

ቀን መቁረጡ ራሱ ሥራ ሆነ። «ነገ ልጀምር?» ስል እትዬ አንጓች «ነገ ሚካኤል!» ይላሉ። ሌላ ቀን ስል ማርያም፣ ሌላ ቀን ስል ጊዮርጊስ... ጎጃም ውስጥ ግድግዳ ዕድሜው የሚረዝመው በቅዱሳን ጥበቃ ይመስለኛል። በመጨረሻ አንድ ባለቤት የሌለው ማለዳ ተገኘ።

የእትዬ አንጓች ጓዳና መኝታ ቤት ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም ከእኛ ግድግዳ ጀርባ ናቸው። ስለዚህ ጓዳው የት ላይ እንደሚጀምር መለካት ያስፈልጋል።

«ሜትር ተዋስ» አለች ብዙአየሁ።

«እግሬ ሜትር ነው!»

በውጭ በኩል ቦት ጫማዬን አድርጌ በረዥሙ እየተራመድኩ ለካሁ። በውስጥ በኩል ግን ቁም ሳጥኑን እየታከክሁ፣ አልጋው ላይ እየወጣሁ፣ በጎን እየተሳብኩ ነው የለካሁት። በማይክሮስኮፕ የወባ ተሕዋስ የማያመልጠኝ ሰውዬ ክፍል የሚያህል ነገር አመለጠኝ!

ዶማውን አነሳሁ። አንድ፣ ሁለት... ከዚያ ጭዱም ጭቃውም ማገሩም አንድ ላይ ወረደ። አቧራው ሲከስም አንገቴን በቀዳዳው አሻግሬ ብቅ አልኩ።

እትዬ አንጓች አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ነው! ነጠላቸው ጭቃ ለብሷል። እጃቸውን ብቻ አነሱ፤ «ቆይ» ማለታቸው ነው። ጸሎት አይቋረጥማ። እኔም አንገቴን እንዳስገባሁ ጠበቅኋቸው። ምን ላድርግ? በእርጋታ ጨረሱ፣ አማተቡ፣ መጽሐፉን አጠፉና ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ... በሩ ተዘግቶ ነበር?»

ከኋላዬ ብዙአየሁ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። ደነገጥሁ።

«ምጥ ነው?!»

«ሳ... ሳቅ ነው!»

እኔ ከእግር ጥፍሬ እስከ ጸጉሬ አፍሬ፣ ጭቃ አቡክቼ ዛሬውኑ እንደምደፍነው ማልኩ። እትዬ አንጓች ግን ነጠላቸውን እያራገፉ ወደ ቀዳዳው ቀረቡ። እዚያ ፍርስራሽ ላይ ማርቆን ዘላ ወጥታለች፤ አሻግራ አልጋቸውን ታያለች።

«ተወው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ይልቅ ይችን ልጅ ከነአልጋዋ ወደዚህ አሳልፉልኝ።»

ማርቆን አልጋዋ እስኪሻገር እንኳ አልጠበቀችም፤ በቀዳዳው ዘላ ገባች! የልጅቷ አልጋ ሲወጣ ብዙአየሁ በአልጋችንና በቁም ሳጥኑ መካከል ፊት ለፊቷን ቀጥ ብላ አለፈች፤ እንደ ንግሥት። ቀዳዳውን ኋላ አናጢ መጥቶ ጠረበው፤ መዝጊያ ይገጠምለት ሲባል ግን እትዬ አንጓች እንቢ አሉ።

በሳምንቱ የኔታ ደወሉ።

«እህ፣ ምን ላይ ደረሳችሁ? ተከራያችሁ? ገዛችሁ? ሠራችሁ? ወይስ ቀጠላችሁ?»

አሰብኩ፣ አሰብኩ... እውነቱን ተናገርሁ።

«አፈረስን፣ የኔታ!»

«እሰይ!» አሉ። «ያፈረሰ ሰው መሥራቱ አይቀርም!»

የየኔታ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማል፤ እትዬ አንጓች ይህን ሰምተው በቀዳዳው ብቅ አሉ።

«ማን ለቆት ሄዶ ይሠራል!»