በአንድ ፊደል የቆመ የማር ገበያ

የአማርኛ ፊደል ደግ ነው። መምሪያ ኃላፊም በ«መ» ይጀምራል፣ መጥረጊያም በ«መ»፤ ቁመታቸው እኩል ነው። የላቲኑ ግን ካፒታልና ስሞል እያለ አንዱን ፊደል ለሁለት ይከፍለዋል። በዚህ ሰው ይጣላል ብትሉኝ እስቅባችሁ ነበር። ተጣላሁ።

እዚህ ቦንጋ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ እኔና ታደለች ድረ ገጽ እንሠራለን። ለማታውቁት ላስረዳ፤ ገጹ ላይ የሚወጣው ነገር ሁሉ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መሃል ይቀመጣል፤ ምልክቱን ታግ እንለዋለን። ስሙ የሚጻፈው በላቲን ነው። ታደለች ከልጅነቷ የካፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ በላቲን ፊደል ስትጽፍ ስላደገች ነው መሰለኝ፣ ያለ ቦታው የገባ ካፒታል ዓይኗን ይወጋታል። እኔ እጄ እንዳመጣልኝ ነኝ።

«በካፒታል ከፍተህ በስሞል አትዝጋ፤ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሃል» አለችኝ።

«ገጹ ይሠራል አይደል? ምን አገባሽ!»

እውነቴን ነበር፤ ተራው የድረ ገጽ ቋንቋ ለታግ ካፒታልና ስሞል ግድ የለውም። እሷ ግን «ዝርክርክ!» ብላኝ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን በአንገት ሆነ።

የጫካ ማር አምራቾች ገጽ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። ደላላ ሲጫወትባቸው የኖሩት እትዬ አበበች ማራቸውን በባልዲ ይዘው ከደካ በአውቶቡስ ገቡ፤ ዛሬ ገዢ በቀጥታ ሊያገኛቸው ነው። የምረቃው አዳራሽ በእንግዳ ሞላ። ገጹን ከፈትኩ። ከርዕሱ በታች ባዶ!

ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ኢንተርኔቱን ረገምኩ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ደጅ ወጥቼ ተመለስኩ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። እትዬ አበበች ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የኔ ማር ይሆን እንዴ ያበላሸው?» አሉኝ።

ታደለች ሳትጠራ መጣች። ገፋ አድርጋኝ ተቀመጠችና የማሩን ዝርዝር የጫንኩበትን ፋይል ከፈተች። ፋይሉ ኤክስኤምኤል የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱ እንደ ተራው ገጽ ይቅር ባይ አይደለም። በካፒታል የተከፈተን ታግ በስሞል ብትዘጉለት «አልተዘጋም» ብሎ ሁሉንም ይጥለዋል።

«ይኸው» አለች፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ።

«በቃ፣ ዝርክርክ በይኝ።»

«ኋላ እልሃለሁ።»

አንዲት ፊደል አስተካከለች። ማሩ ስክሪኑን ሞላው። «ተሠራ!» ብዬ ዞር ስል አዳራሹ ውስጥ ሰው የለም። እንግዶቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ግቢ ወጥተው እትዬ አበበችን ከበዋል፤ ማሩን እየቀመሱ ይሻማሉ፣ ስልክ ቁጥራቸውንም ይቀበላሉ። ባልዲው ሊሟጠጥ ምንም አልቀረውም።

ታደለች በመስኮቱ አየቻቸው፤ ከዚያም እኔን። «እንግዲህ ገጹ ላይ ምን ልጻፍ?»

«አልቋል በይ።»

ጻፈችው። የገጻችን የመጀመሪያ ዜና ሆነ። ስንት ሳምንት የታመቀ ሳቅ ከሁለታችንም አፈትልኮ ወጣ።

በሳቃችን መሃል እትዬ አበበች ባዶ ባልዲ አንጠልጥለው በበሩ ብቅ አሉ።

«ልጆቼ፣ ኮምፒውተራችሁ ተሻለው?»