ቀትር ላይ የተዘጋ በር

ሰው በገንዘብ ነው የሚቀናው የሚል ካለ፣ መጋቢት ላይ አሶሳ መጥቶ አያውቅም ማለት ነው። እኛ ዘንድ የሚያስቀናው ጥላ ነው። ጎረቤቴ ሐጂ ዑስማን አንድ ትልቅ ማንጎ ስላላቸው ብቻ በሰፈሩ እንደ ባለ ርስት ይታያሉ።

እኔ ያለኝ ከአያቴ የወረስኩት የድንጋይ ቤት ነው። አያቴ ከኩርሙክ እየነገዱ ያሠሩት ነው፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ምን ያደርጋል! የቀኑን ፀሐይ እንደ ቂም አምቆ ይቆይና ልክ ጋደም ስንል ይለቅብናል። ባለቤቴ ሐሊማ ታገሠች፣ ታገሠችና ቁርጡን ነገረችኝ፦ ዘንድሮም እንዲህ የምንቀቀል ከሆነ ባምባሲ እናቷ ጋ ሄዳ የምትመለሰው ዝናብ ሲጥል ነው። ሚስቴን እወዳታለሁ። ያለ አንቺ ቤቱ ይቀዘቅዝብኛል ብዬ እንዳልለምናት ደግሞ በመጋቢት ማን ያምነኛል?

ስለዚህ ሥራ ጀመርኩ። ግድግዳውን በኖራ ነጭ አስቀባሁ። የከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል የቀርከሃ ከለላ አቆምኩ፤ ከቆርቆሮው ሥርም የቀርከሃ ኮርኒስ አስመታሁ። የቀረው ዋናው ሕግ ነው፦ ማታ ሁሉንም ከፍቶ ግድግዳውን ማቀዝቀዝ፣ ጠዋት በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት።

ሠራ! ውጭው ሲነድ ሐሊማ ነጠላ ደረበች፤ ሻንጣዋንም አልጋ ሥር መለሰችው። እኔማ የሚችለኝ ጠፋ። የረሳሁት አንድ ነገር ነው፤ እኛ አገር በቀትር በሩን የሚዘጋ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ጎረቤቱን ጠልቷል።

መጀመሪያ ያንኳኩት ሐጂ ዑስማን ናቸው። "ወላሂ በር ተዘጋ፣ ድምፅ የለ፣ እኛ ፈራን" አሉኝ። ደህና ነን ብዬ ሳልጨርስ ቅዝቃዜው ፊታቸውን ነካው። "አልሐምዱሊላህ፣ ይቺ ቤት ጥሩ ነው" አሉና ቁጭ አሉ። ሊጠይቅ የመጣን ሰው እንዴት ውጣ ይሉታል? በማግሥቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ጠየቁን። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ተጨነቀልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ሃምሳ ሰው ግን ለአንድ ክፍል ምድጃ ነው። ሐሊማ ነጠላዋን ጣለች፤ ሻንጣዋን ማየት ጀመረች።

ወሬው ባምባሲ የደረሰው "ቤታቸው ተዘግቷል፣ ሰው እየጎረፈ ነው" ተብሎ ነው። አማቴ እያለቀሱ ከተፍ አሉ። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ማልኩላቸው። እንባቸውን ጠረጉ፣ ሰው ቢሞላበትም ያልሞቀውን ነጭ ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ቀስ ብለው ጀርባቸውን አስደገፉ። "ልጄ፣ ዝናብ እስኪጥል እዚሁ ብሰነብት ቅር ይልሃል?" አሉኝ።

እንግዲህ ተሳክቶልኛል፤ ሐሊማ እናቷ ጋ አልሄደችም። እኔም ይህን የማወጋችሁ ከሐጂ ዑስማን ማንጎ ሥር ተጋድሜ ነው፤ ባለቤቱ እኔ ቤት ስለሆኑ ቦታው ባዶ ነው።