ገና ያልተለዩ ሕዋሳት

ጂራታ፦ አቶ ደባልቄ፣ ክራቫቱ ወደ ግራ ዞሯል።

ደባልቄ፦ ዞሯል አይባልም። አዘንብሏል ነው የሚባለው።

ጂራታ፦ እሺ፣ አዘንብሎ ዞሯል።

ደባልቄ፦ አንተ ሾፌር ነህ፤ ስለ ክራቫት ምን አገባህ?

ጂራታ፦ ምን አገባኝ፤ የአንገትዎ ሥር ሲገተር አይቼ ነው።

(አሶሳ፣ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ደጃፍ። የቢሮ ደብል ካብ ማንጎ ጥላ ሥር ቆማለች። ደባልቄ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ባለሙያ ነው፤ ለምርምር ጉባኤው ቢሮውን ወክሎ የሚያሰማውን አሥራ ሁለት ገጽ ንግግር ኮፈኑ ላይ ዘርግቷል። ጂራታ ደግሞ የባምባሲ ልጅ፣ የቢሮው ሾፌር ነው። ጠዋት ሙሉ ደባልቄ መኪና ውስጥ ንግግሩን ሲለማመድ፣ እሱ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ነበር። አሁን የሰማው ነገር ሆዱ ውስጥ ሊቀመጥለት አልቻለም።)

ጂራታ፦ ጠዋት እኮ ያቺ የሆሞሻዋ መምህር፣ ኢንዓም፣ የተናገረችው...

ደባልቄ፦ ርእሱን ከማስታወቂያው ላይ አንብቤዋለሁ። «ጥቃቅን ቅንጣቶች ገና ያልተለዩ ሕዋሳትን እንዴት ይመራሉ?» ጥቃቅን የማን ሥራ ነው?

ጂራታ፦ የእርስዎ።

ደባልቄ፦ ሕዋስስ?

ጂራታ፦ ሕዋስማ የሁላችንም ነው። ሰውነታችን...

ደባልቄ፦ ጎበዝ! የሁላችንም ነው። ለመሆኑ አንተ ስንተኛው ሕዋስ ውስጥ ነህ?

ጂራታ፦ እኔ ውስጥ ነው እንጂ ያለው! ትሪሊዮን ነው ያለችው።

ደባልቄ፦ የቢሮው ሠራተኛ በሙሉ አርባ ሁለት ነው፤ ትሪሊዮኑን ከየት አመጣኸው? ይልቅ «ያልተለዩ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጂራታ፦ አጥንት ይሁኑ ሥጋ ገና ያልቆረጡ።

ደባልቄ፦ አቋማቸውን ያልለዩ ማለት ነው፣ ወንድሜ! ጠዋት ከዚህ፣ ማታ ከዚያ። እኛም ቢሮ ሞልተዋል።

ጂራታ፦ እሷ ግን ሙቅ ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጣቸው።

ደባልቄ፦ በአሶሳ ሙቀት? ሰው ይመከራል እንጂ ሳጥን ውስጥ ይከተታል? ይህንን በንግግሬ አወግዛለሁ።

ጂራታ፦ ዋቀዮ! አቶ ደባልቄ፣ የምትመራቸው እኮ ከላም ቆዳ በተሠራ...

ደባልቄ፦ ቆዳ! የቆዳ ሥራ ማኅበራት ገጽ ሰባት ላይ አሉ። አየህ፣ አንድም ነገር አላመለጠኝም። አሁን ዝም በል። ኃላፊያችን የፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ የክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ነው። ካሳመርኩ ቦታው የኔ ነው። ካበላሸሁ ካማሺ ነው የሚወረውሩኝ። መንገዱን ታውቀዋለህ።

ጂራታ፦ አውቀዋለሁ። ሁለት ጎማ ቀብሬበታለሁ።

(ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ የደባልቄ ስም ተጠራ። ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ጂራታ ራሱን ያዘ። ሰውየው ጉረኛ ነው፤ ግን የጂራታ እናት ታመው ሌሊት ሆስፒታል ያደረሳቸው እሱ ነው። እንዲህ ሲዋረድ ቆሞ ማየት አልሆነለትም። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ደግሞ ፈነዳ። በመጨረሻ ረጅም ጭብጨባ ሆነ። ደባልቄ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።)

ደባልቄ፦ ሳቁ።

ጂራታ፦ ሰማሁ።

ደባልቄ፦ «ታዳጊ ክልል ነንና ሕዋሶቻችንም ታዳጊ ናቸው» ስል ሳቁ። «እያንዳንዱ ሕዋስ በየሳምንቱ ይገምገም፣ ሒሱን ይዋጥ» ስል አንዱ ከነወንበሩ ወደቀ። ከዚያ ደግሞ ቆመው አጨበጨቡ። ጂራታ፣ ምንድነው ያደረግሁት?

ጂራታ፦ ይቀመጡ። ሕዋስ የተባለው የፓርቲው ሳይሆን የገላችን ነው፤ ሥጋችንም አጥንታችንም የተገነባበት፣ በዓይን የማይታይ ጡብ ይበሉት። ኢንዓም ገና ምንም ያልሆኑ ሕዋሳት ወስዳ፣ የጉልበት ለስላሳ አጥንት እንዲሆኑ ትፈልጋለች። አንድ ቀን ጉልበቱ ለተበላ ሰው ይተካል ብላ ነው።

ደባልቄ፦ ሁኑ ብላ ታዛቸዋለች?

ጂራታ፦ እሱ ነው ችግሩ። ማዘዣው ፈሳሽ ነገር ነው። ከላይ ስታፈስባቸው ዳር ያሉት ይሰማሉ፣ መሐል ላሉት አይደርሳቸውም።

ደባልቄ፦ (ቀስ ብሎ) ከአሶሳ የወጣ ደብዳቤ ካማሺ እንደማይደርሰው።

ጂራታ፦ ልክ እንደሱ! ስለዚህ ከላም ቆዳ ከሚወጣ ሙጫ፣ ከዱቄት ብናኝ ያነሱ ፍሬዎች ትሠራለች። ማዘዣውን ታጠጣቸውና ሕዋሳቱ መሐል ትበትናቸዋለች። እነሱም እዚያው ተቀምጠው በቀን በቀን ጥቂት ጥቂት ይለቃሉ። ያኔ የመሐሉም ይሰማል።

ደባልቄ፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ ዝም ትለኛለህ?

ጂራታ፦ ስንቴ ጀመርኩልዎት? ላሟ ላይ ስደርስ ገጽ ሰባት አሉኝ።

ደባልቄ፦ አለቀልኝ። ዛሬውኑ ሻንጣዬን ልሰብስብ።

ጂራታ፦ የምን ሻንጣ! እርስዎ በፊት በር ሲገቡ እኔ በጎን በር ገባሁ። ለኢንዓም «አሁን የሚናገረው የቢሯችን ቀልደኛ ነው፤ ሆን ብሎ ነው የሚያምታታው» አልኳት። እሷም ለአዳራሹ ሹክ አለች። እርስዎ ገጽ ሲደረድሩ አልሰሙም።

ደባልቄ፦ ቀልደኛ? እኔ?

ጂራታ፦ ኃላፊው እንባቸውን እየጠረጉ «ይህን ሁሉ ጨዋታ የት ደብቆት ነበር?» አሉ።

ደባልቄ፦ (አንገቱን ቀና አደረገ) እንዲያ አሉ? ለነገሩማ... አንዳንዱን ሆን ብዬ ነው።

ጂራታ፦ አውቃለሁ።

ደባልቄ፦ ጎበዝ ተመልካች ነው። ደግመው ይጠሩኝ ይሆን?

ጂራታ፦ ኃላፊው ከኢንዓም ጋር ተማክረው ጠርተውናል እንጂ። ወር በገባ ድባጤ ለሚደረገው ስብሰባ፣ እርስዎ እንዲያስቁ፣ እኔ ትምህርቱን እንዳስረዳ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለን።

ደባልቄ፦ ምን?

ጂራታ፦ ሾፌር።

(ደባልቄ አሰበ። አንዴ ጂራታን፣ አንዴ መኪናዋን አየ።)

ደባልቄ፦ መንጃ ፈቃድስ ነበረኝ...

ጂራታ፦ (ቁልፉን አቀብሎት ከኋላ ወንበር ተደላድሎ እየተቀመጠ) እንግዲያው ከዛሬ ይለማመዱ። ጉድጓዱ ላይ ብቻ ቀስ፤ አስረጂ ጭነዋል።