ሜኑ ላይ ማን ከማን ይቀድማል?

የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ በማዕረግ የሚያስቀምጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ እትዬ ዘነበች። እሳቸው ዘንድ መጻፊያው ከላይ፣ ሒሳቡ ከሥሩ ይሰየማል። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር፣ ሜኑው፣ ግን ባለጌ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተከፈተውን ራሱ ወደ ላይ ያወጣዋል። ታዲያ ዘወትር ከላይ ጉብ የሚለው ማን ይመስላችኋል? ካርታ ጨዋታ! ዳይሬክተራችን ጋሼ ተፈራ ይወዱታላ።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር መጡ ተባለ። ጋሼ ተፈራ በላብ ተጠመቁ።

“ዘነበች፣ ይሄን ካዩማ ጉዴ ፈላ! የሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?”

“እኔ ነኝ እንዴ የምጫወተው ጋሼ?” አሉና እትዬ ካርታውን ከሜኑው አስወጡት። እኔ እዚያው ቢሮ ጥግ ተቀምጬ ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የምጽፈውን ትቼ አፌን ከፍቼ አያለሁ፤ ለካ ሜኑ እንዲህ ይታዘዛል!

ሱፐርቫይዘሩ ገቡ፤ የሸዋሮቢትን ሙቀት አማርረው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ሜኑውን ከላይ እስከ ታች መረመሩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

“ይሄ ኮምፒውተር ካርታ የለውም እንዴ?”

ጋሼ ተፈራ ጣራ ጣራውን አዩ። መልሱን ልቅም አድርጎ እያወቀ እጁን የማያወጣ ተማሪ አይታችኋል? ያን ቀን ዳይሬክተራችን ልክ እንደዚያ ነበሩ።