አቶ ወልደየስ መንገድ ሲጠቁሙ

ኢትዮጵያዊ በተሰበሰበበት የዓለም ክፍል ሁሉ፣ በሌለ ነገር መንገድ የሚጠቁም አንድ ሰው አይጠፋም። በአሜሪካ፣ የዴንቨርና የአውሮራው ክቡር አቶ ወልደየስ ናቸው። ከተማን የሚያውቋት ዛሬ ባላት ሳይሆን ድሮ በነበራት ነው። የቤት ቁጥር በማይታወቅበት ሰፈር ያደገ ሰው፣ ጎዳናን በስሙ መጥራት እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ እኔና እሳቸው ኮሜርስ ሲቲ በምትባል ጎረቤት ከተማ ክርስትና ተጠራን። ስልኬ መንገዱን መናገር ስትጀምር "ዝጋት እቺን" አሉኝ። "ድሮ ጎማ ቤት የነበረበት ጋ ወደ ቀኝ ትይዛለህ። ከዚያ ውባየሁ ኒሳን መኪናዋን ያጋጨችበትን መብራት ታልፋለህ።"

"ጎማ ቤቱ የቱ ጋ ነው?"

"አሁን የለም፤ ግን ታውቀዋለህ።"

አላወቅኩትም። ከአንድ ግዙፍ መጋዘን በር ደርሰን ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀን። አቶ ወልደየስ ሕንፃውን ከላይ እስከ ታች አይተው "ያለቦታው ነው የሠሩት" አሉ። ክርስትናው ቤት ስንደርስ ሕፃኑ ተኝቷል፤ ክትፎውም አልቋል።

ይህ ሁሉ ግን ተራ ነገር ነው። የክቡርነታቸው ዋና ግዛት ምጽዋ ነበረች። በወጣትነታቸው በወደቡ ዘጠኝ ዓመት ጭነት ተቆጣጥረዋል። ዳውንታውን፣ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ አብረን ስንሠራ፣ በስድስት ፎቅ ኮንክሪት መሃል ያቺን የወደብ ከተማ በእግሬ አዞሩኝ። ቱርኮች የተዉትን የእንጨት ሰገነት፣ ጣሊያኖች ያቆሙትን ባንክ፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠሩትን ቤቶች፣ ጥላ ለጥላ ካልሄዱበት ጫማ የሚያቀልጠውን መንገድ አሳዩኝ። ጉብኝቱ ሁልጊዜ አንድ በር ላይ ያበቃል፤ የሳልሕ በር።

ሳልሕ የወደብ ባልደረባቸው ነው። በ1982 ጦርነቱ ከተማዋን ሲያምሳት ሳይሰነባበቱ ተለያዩ። "ይኑር ይሙት አላውቅም" ይላሉ፤ ከዚያ የሚገባ መኪና ያሳልፋሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ጎማ ቤት ማግኘት ያቃተው ሰው ይህን ያህል የሚያስታውሰው ወዳጅ በእርግጥ ነበረ ወይ እያልኩ አንዳንዴ እጠራጠር ነበር።

በአዲስ አበባና በአስመራ መካከል አውሮፕላን እንደገና መመላለስ በጀመረበት ዓመት፣ ልጃቸው ኑኃሚን ለገና አገር ቤት ሄደች። ነርስ ናት፤ አሜሪካ የመጣችው በአራት ዓመቷ ነው። ምጽዋ ወርዳ ሳልሕን እንድትፈልግ ለመኗት፤ አራት ገጽ መመሪያም በእጃቸው ጽፈው ሰጧት። አነበብኩት። የግሪኩ መጠጥ ቤት፣ ገመድ ሻጩ ይቀመጥበት የነበረው ዛፍ፣ በሩ ሰማያዊ የነበረው ሱቅ። ልጅቷ ባዶ እጇን ብትመለስ፣ ሳልሕ ሞቶ ይሁን ወረቀቱ አሳስቷት፣ እኚህ ሰው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አያውቁትም።

ስትመለስ ቤታቸው ነበርኩ።

"አባዬ፣ እዚያ ኢንተርኔት የለም፣ ማፕ አይሠራልኝም። ያንተ ወረቀት ደግሞ ሁሉም ሮንግ ነው። ባንኩ ፈራርሷል። ዛፉ የለም። ሰማያዊ በር የሚባል ነገር የለም።"

አቶ ወልደየስ ምንጣፉን አዩ።

"ግራ ገብቶኝ ስቆም አንድ አማርኛ የሚችሉ ሽማግሌ 'ምን ጠፋብሽ?' አሉኝ። አነበብኩላቸው። ሳቁና 'ግሪኩ እዚህ ነበር' ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከዚያ አንዷ ሴትዮ 'ከዛፉ ሦስተኛው ቤት ነው' አለችን። አባዬ፣ አይ ስዌር፣ እምላለሁ፣ ዛፍ የለም። ግን ሁሉም እጁን ወደ ዛፉ ይቀስራል። መጨረሻ ላይ ስድስት ሆነን ነበር የምንሄደው።"

"ሳልሕስ?" አሉ አቶ ወልደየስ።

"በሩን ራሱ ከፈተልኝ።"

አባቷ "ምን አለ?" ሲሉ ኑኃሚን ሳቋ መጣ።

"'ወልደየስ አሁንም ሰው መንገድ ያሳስታል?' አለኝ።"

ዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ዘመን ከተማ ምንድን ነው በሚል ጥያቄ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ። ያ ሁሉ ገጽ፣ በሌለ ዛፍ ላይ ስለተስማሙት ስለ እነዚያ ሰዎች አልነገረኝም። ድንጋዩ ሲፈርስ ከተማዋ አለቀች ብዬ ስኖር፣ እሷ ለካ በሰዎቿ እግር ትሄድ ነበር።

አቶ ወልደየስ በመጪው ኅዳር፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ሊሄዱ ነው። "ትመጣለህ" አሉኝ፤ ጥያቄ አልነበረም። "ከአስመራ ቁልቁል በመኪና፣ ከዚያ በእግር። እኔ እመራሃለሁ።"

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። በማግስቱ አውሮራ ያለው ሃቫና ስትሪት ሄጄ የእግር ጉዞ ጫማ ለካሁ። ሻጩ ምን ያህል ርቀት እንደምሄድበት ጠየቀኝ።

"ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ" አልኩትና ገዛሁት።