ቢጫውን ተከተሉ

መኪና ጣሪያ ላይ መብራት የሰቀለ ሰው ስታዩ ምን ትላላችሁ? እኔ በፊት «ይሄ ደግሞ ራሱን ምን አደረገ?» እል ነበር። ባለሥልጣን ለመምሰል የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። አሁን የእኔዋም ፒካፕ አናቷ ላይ ቢጫ መብራት አለ። እንዴት እንደወጣ ላጫውታችሁ።

ሥራዬ ከሶዶ ዘይት፣ ጨውና ሳሙና ጭኜ በዳሞታ ተራራ ጎን ላሉት የገጠር ሱቆች ማድረስ ነው። ዳሞታን የሚያውቅ ጭጋጉንም ያውቃል። ክረምት ላይ ጠዋት ቁልቁል ሲለቀቅ የራሳችሁን መኪና አፍንጫ አታዩም። ባለፈው ሐምሌ ጥግ ይዤ ቆሜ ዕቃ ሳወርድ አንድ ባለሞተር መጥቶ ከኋላ ገጨኝ። ደግነቱ ጉልበቱ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆነም። ተነሳና ጭቃውን እያራገፈ «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ከየት መጣች?» አለኝ። የቆመችዋን መኪና እኮ ነው!

ማታ ለባለቤቴ ለአስቴር እየሳቅኩ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። አስቴር የሒሳብ አስተማሪ ናት። «ዛሬ ጉልበት ነው፤ ነገ ሰው ይሞትብሃል። ጣሪያው ላይ መብራት አድርግ» አለች።

ቀላል መስሎኝ እሷን ይዤ ኤሌክትሪሺያኑ ማርቆስ ጋ ሄድኩ። ለካ ጣጣ አለው። ቀይና ሰማያዊው አማረኝ፤ ማርቆስ የፖሊስና የአምቡላንስ ነው ብሎ ከእጄ ነጠቀኝ። ከዚያ ሦስት መብራት ደረደረልኝ። አንዱ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው። አንዱ ቢጫ ሆኖ ውስጡ ይሽከረከራል። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ቢጫ ነው፤ ዝም ብሎ ብልጭ ድርግም ይላል። እኔ ነጩን ወደድኩ። አስቴር ግን «ፀሐይ ላይ ቆሞ የጭጋግ መብራት ይመረጣል እንዴ?» አለች።

እውነቷን ነው። እናም አንድ ጠዋት ሦስታችን ተራራው ሥር ወጣን። ማርቆስ መብራቶቹን ከባትሪ ጋር እያገናኘ ያበራል፤ አስቴር ጃንጥላዋን ይዛ እርምጃዋን እየቆጠረች ጭጋጉ ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ የእኔ ነጭ በራ። አምስት እርምጃ እንኳ ሳትሄድ «ጠፋ!» ብላ ጮኸች። ጭጋጉ ነጭ፣ መብራቱ ነጭ፣ እንዴት ይለይ? የሚሽከረከረው ደህና ታየ፤ ግን ማርቆስ ራሱ በእኛ ኮረኮንች ላይ የሚያሽከረክረው ሞተር ወር አይቆይም አለ። ከዚያ ጠፍጣፋው በራ። «ይታያል!» አለች አስቴር። ትንሽ ቆይታ «ይታያል!» ድምፅዋ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደና ጭራሽ አልሰማ አለን። ስትመለስ ዓይኗ ፈጥጧል። «እናንተን መስማት አቆምኩ፤ እሱን ግን አየዋለሁ» አለች። ሒሳብ አስተማሪዋ ስንት እርምጃ እንደሄደች ቁጥሩ ጠፍቶባታል። ይህን በትዳር ዘመናችን አይቼው አላውቅም።

ጠፍጣፋው ተሰቀለ።

በሳምንቱ ዕቃ አድርሼ ባዶዬን ስመለስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጭጋጉ እንደ ብርድ ልብስ ወደቀብኝ። አንድ ጎን ገደል ነው። መቆም አስፈራኝ፣ መሄድም አስፈራኝ። መብራቱን አበራሁና እንደ ኤሊ መውረድ ጀመርኩ። በመስታወት ወደኋላ ባይ ነጭ ነገር ብቻ። ብቻዬን ነኝ ብዬ ስንት ጸሎት አደረስኩ መሰላችሁ!

አስፋልቱ ጋ ስደርስ ጭጋጉ ተገለጠ። ቆሜ ወረድኩ። ወደኋላ ዞር ስል ሰው ከጭጋጉ ውስጥ ይወጣል። መጀመሪያ ጎደሬ የተሸከሙ ሴቶች። ከዚያ አንድ ባጃጅ። ከዚያ ሞተሩን እየገፋ የሚመጣ ሰው፣ በግ የሚጎትቱ ሽማግሌ፣ ቦርሳ ያዘሉ ተማሪዎች። አያልቅም። ሁሉም እያለፉኝ እጅ ይነሱኛል። ይህ ሁሉ ነፍስ ከኋላዬ ነበር? መንገድ ስቼ ገደል ብገባ ይህ ሁሉ ሰው ተከትሎኝ ሊገባ ነበር?

በመጨረሻ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወጡ። ቃሬዛው ላይ እማማ ባሎቴ የሚባሉ እናት ተኝተዋል። እንሰት ጓሮ ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከፊት የተሸከመው የልጃቸው ባል ነው፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

«መንገዱ ሲጠፋብን እንመለስ ብለን ነበር» አለኝ። «እሳቸው ናቸው ከጋቢው ውስጥ ሆነው ‹ቢጫውን ተከተሉ!› እያሉ የጮኹብን።»

ቃሬዛውን እንዳለ ፒካፗ ላይ ጭነን ኦቶና ሆስፒታል ገሰገስን። ሐኪሙ አይቶ፣ በጊዜ ደርሳችኋል፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ይራመዳሉ አለን። የልጃቸው ባል ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ልሰናበታቸው ስገባ እማማ ባሎቴ እጄን ያዙ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «አንቺ ልጅ፣ እኛ መብራት አየን። አንቺ ምን አይተሽ ሄድሽ?» አሉኝ።

እኔም ዋሽቼ ምን ልሁን? እውነቱን ነገርኳቸው። ከፊቴ አንዲት እንጨት የተጫነች አህያ ነበረች፤ ጌታዋ እንኳ አብሯት የለም። ልነካት ጥቂት እስኪቀረኝ ተጠግቼ፣ ጅራቷ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ ስትታጠፍ እየታጠፍኩ፣ ስትቆም እየቆምኩ ነው አስፋልት የደረስኩት። «ያን ሁሉ ሰው ያወረደችው አህያዋ ናት፣ እማማ» አልኳቸው።

እማማ ባሎቴ እጄን ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ባል ዞሩና «አየሽ?» አሉት። «ትሑት ሰው ማለት እንዲህ ነው።»