እኩል የሚዋሽ መለኪያ

[አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የምሳ ሰዓት። የሰመራው አውቶቡስ ተሳፋሪዎቹን አራግፎ ጥላ ፍለጋ ሄዷል። ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለችው የወይዘሮ ሠርካዲስ ምግብ ቤት ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ተይዟል። አንደኛው ላይ ይታያል የሚባል ሰው ተቀምጧል፤ ሰመራ የአንድ ፋብሪካ የግፊትና የሙቀት መለኪያዎችን ሊፈትሽ የሚሄድ ባለሙያ ነው። ባልደረቦቹ «ጌጅ» የሚሉትን እሱ ሽንጡን ገትሮ «መለኪያ» ይላል፤ አገር የራሷ ቃል እያላት ለምን ትበደራለች ባይ ነው። በሌላው ጠረጴዛ አንድ ሰው ሻዩን ያማስላል። ሠርካዲስ ባንኮኒው ጋ ቆማ የአረቄ መለኪያዎቿን በፎጣ ትወለውላለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሙቀት መለኪያ ቅቤ በሚያቀልጠው ቀን ሃያ ሁለት ላይ ቆሟል። ይታያል እሱን ካየ ወዲህ ምሳው አልዋጥለት ብሏል።]

ይታያል፦ ውሸታም ነው አልኩሽ እኮ፣ እትዬ ሠርካዲስ።

ሠርካዲስ፦ አይደለም አልኩዎት እኔም።

ይታያል፦ ነው። ይሄ መለኪያ ዓይን ያወጣ ውሸታም ነው።

ሠርካዲስ፦ [የያዘችውን ብርጭቆ ፎጣው ውስጥ ሸሸግ እያደረገች] በምን አወቁ?

ይታያል፦ ሥራዬ ነዋ። መለኪያ ሲያጭበረብር እኔን ከሩቅ ይሸተኛል።

ሠርካዲስ፦ [ሻይ ጠጪውን ሰረቅ አድርጋ ታየዋለች፤ ከዚያ ግድግዳውን፤ ከዚያ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች] እርስዎ መለኪያ ፈታሽ ነዎት እንዴ?

[ይታያል ከአዲስ አበባ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የመጣው። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ሲያንኮራፋ ነበር።]

ይታያል፦ ሃያ ዓመት ሙሉ። ከመለኪያ ሌላ ነገር ይዤ አላውቅም።

ሠርካዲስ፦ ሃያ ዓመት። ጉበትዎ እንዴት ነው?

ይታያል፦ ጉበቴ? ምን አገናኘው?

ሠርካዲስ፦ አይ፣ እንዲያው ሰው ለእንጀራው ሲል ስንቱን ይችላል ብዬ ነው።

ይታያል፦ መቻልስ እንችላለን። አየሽ፣ መለኪያ ሲፈተሽ መጀመሪያ የሚታየው ባዶውን ነው። ባዶውን ዜሮ ላይ ይቆማል ወይ? ነው ጥያቄው።

ሠርካዲስ፦ እኔ ቤት መለኪያ ባዶውን አይቆምም። ይሞላል ወዲያው።

ይታያል፦ ቀጥሎ እሱ ነው። እስከ መጨረሻው ትሞዪዋለሽ።

ሠርካዲስ፦ እስከ አፉ? ይፈሳል እኮ።

ይታያል፦ የሚያፈስ ከሆነማ ይጣላል፤ እሱን ማን ይፈትሻል?

ሠርካዲስ፦ እውነትዎን ነው። [ትቀዳለታለች] ሲናገሩ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ።

ይታያል፦ [ሳያየው ይጨልጠዋል] ከዚያ ደግሞ ሩቡን፣ ግማሹን፣ ሦስት ሩቡን እያልሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ። ላይ ስትደርሺ በዚያው መንገድ ትወርጃለሽ።

ሠርካዲስ፦ መውረዱ ለምን አስፈለገ?

ይታያል፦ አንዳንዱ መለኪያ ሲወጣ አንድ ነገር ይናገርና እዚያው ቦታ ላይ ሲወርድ ሌላ ይናገራል።

ሠርካዲስ፦ አውቀዋለሁ። ከገላፊ ድንበር የሚመለስ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። ሲሞቀው «ላግባሽ» ይለኛል፣ ሲበርድለት «እናቴ» ይለኛል። እኔ ግን እዚያው ባንኮኒው ጋ ነኝ።

ይታያል፦ [በአድናቆት ሹካውን ያስቀምጣል] እንዲህ ያለ ምሳሌ እኔም ሰጥቼ አላውቅም።

[በየዓመቱ ሥልጠና ይሰጣል፤ ሠልጣኞቹ ግን ስልካቸውን እየነካኩ አበል መቼ እንደሚከፈል ነው የሚጠይቁት። እዚህ ሐሩር ውስጥ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ሴት ከአፉ ላይ እየነጠቀች ትረዳዋለች። ይታያል ወንበሩን ወደ ባንኮኒው ጠጋ ያደርጋል።]

ሠርካዲስ፦ ለመሆኑ መለኪያ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ይታያል፦ ከእሱ በሚሻል መለኪያ። [ሻንጣውን መታ መታ ያደርጋል] ይኸው፣ ዋናውን ይዤዋለሁ።

ሠርካዲስ፦ የራስዎን መለኪያ ይዘው ነው የሚዞሩት?

ይታያል፦ ያለ እሱ ንቅንቅ አልልም።

ሠርካዲስ፦ [በሀዘኔታ] ባለቤትዎ ያውቃሉ?

ይታያል፦ እንዴት አታውቅም? አልጋ ሥር ነው የማስቀምጠው።

ሠርካዲስ፦ ሁሉም እዚያው ነው የሚደብቁት።

ይታያል፦ «የአንተንስ ማን ይፈትሸዋል?» አትዪኝም?

ሠርካዲስ፦ ማን ይፈትሸዋል?

ይታያል፦ አዲስ አበባ ያለው። የአዲስ አበባውን ደግሞ ውጭ አገር ያለው።

ሠርካዲስ፦ የውጭ አገሩንስ?

ይታያል፦ እሱን... [ጉሮሮውን ይጠራርጋል] ከእሱ በላይማ የለም። ተስማምተው ነው።

ሠርካዲስ፦ እኛም እዚህ ተስማምተን ነበር፤ ሰው መሃላችን ገባ እንጂ።

ይታያል፦ ምን ሆናችሁ?

ሠርካዲስ፦ «የሠርካዲስ መለኪያ ያጎድላል» ብለው አመለከቱብኝ። ዛሬ ነገ ቤቴ ሊታሸግ ነው።

[ይታያል ግድግዳውን ያያል። በሙቀት መለኪያ ስህተት ምግብ ቤት የሚያሽግ ከተማ! ሃያ ዓመት ሙሉ የመለኪያ ነገር ማንንም አይገደውም እያለ ሲያማርር ኖሮ፣ ለካ የሚገደው ሕዝብ አዋሽ በረሃ ውስጥ ነበር። ለሴትዮዋ ቢያዝንላትም ልቡ ግን በደስታ ሞላ።]

ይታያል፦ ሕጉ ጥብቅ መሆኑ በመርህ ደረጃ ጥሩ ነው።

ሠርካዲስ፦ ቤቴ ነው እኮ የሚዘጋው። ባሌ የተወልኝ ይሄንኑ ነው። የድሮው፣ በባቡሩ ዘመን የነበረው ተሰበረብኝ። ይሄኛው ከጅቡቲ የመጣ ነው፤ ከሥሩ መስታወቱ ወፍራም ነው።

ይታያል፦ ከሥሩ ከወፈረማ ያጎድላል፤ የታወቀ ነው። ምን ያህል ነው?

ሠርካዲስ፦ እምብዛም ነው። ግን ለሁሉም እኩል ነው። ለሾፌሩም፣ ከዱብቲ ለሚመጣው ሐኪምም፣ ጠዋትም ማታም። አሁን እንግዲህ ጮክ ብለው ይንገሩኝ፣ ጆሮዬ ደከም ይላል። እንዲህ ያለ መለኪያ ቤት ያሳሽጋል?

[ትቀዳለታለች። ይጨልጥና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ ያደርገዋል።]

ይታያል፦ [ቤቱን በሚሞላ ድምፅ] ስሚኝ። ውሸታም መለኪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዛሬ ያጎድላል፣ ነገ ይጨምራል፤ ጠባዩ አይያዝም። እሱ ይጣል። ሁለተኛው ሁልጊዜ በአንድ ልክ ያጎድላል። እኩል ይዋሻል። እኩል የሚዋሽ መለኪያ ደግሞ የታመነ መለኪያ ነው፤ የሚያጎድለውን ካወቅሽ በሐሳብሽ ትጨምሪበታለሽ፣ አለቀ።

ሠርካዲስ፦ እንደ ድሮው ባቡር ይበሉኛ። በሰዓቱ አይመጣም፤ ግን የሚዘገይበትን ልክ ስለምናውቅ ሽሮውን በእሱ ሒሳብ ነበር የምንጥደው። ማንም ተርቦ አያውቅም።

[ከመንገዱ ማዶ ፉጨት የጠፋበት ሐዲድ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ይታያል በልጅነቱ አባቱ እጁን ይዞት እዚያ ጥላ ሥር ባቡር ሲጠብቁ ይታየዋል። አባቱ ሰዓቱን አያይም ነበር።]

ሠርካዲስ፦ እንግዲያ የእኔ መለኪያ ወንጀል የለበትም?

ይታያል፦ በፍጹም። እንደ ባለሙያ እመሰክራለሁ። ማንም ፊት።

[ሻይ ጠጪው ማንኪያውን አስቀምጦ ይነሳል፤ መጥቶ በሁለት እጁ ይጨብጠዋል።]

አብዱናሲር፦ አላህ ነው ያመጣዎት፣ ወንድሜ። አብዱናሲር እባላለሁ፣ የንግድ ተቆጣጣሪ ነኝ። የእትዬ ሠርካዲስን መለኪያዎች አጣራና ልክ ካልሆኑ ቤቱን አሽግ ተብዬ ነው የመጣሁት። ግን እንዴት ብዬ? እኔ እንኳን ልለካው፣ ሽታው ራሱ ከብዶኛል። ከጠዋት ጀምሮ ሻይ እየደጋገምኩ «ያ ረቢ፣ አንድ መላ» ስል ነበር።

ይታያል፦ የምኑ ሽታ?

አብዱናሲር፦ የአረቄው ነዋ። [ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ብርጭቆዎች በአገጩ ያሳያል] የእነዚህ መለኪያዎች።

[ይታያል ብርጭቆዎቹን ያያል። ግድግዳውን ያያል። ከፊቱ ያለውን ባዶ ብርጭቆ አንስቶ ይገለብጠዋል፤ ከሥሩ የአውራ ጣት ያህል መስታወት አለው። ከአንገቱ ተነስቶ ወደ ጆሮው የወጣውን ሙቀት የሚለካ ዕቃ ሻንጣው ውስጥ አልነበረም።]

አብዱናሲር፦ አለቃዬን «ባለሙያ ፈትሾታል» ልለው ነው። ቃልዎ ያው ነው? ወይስ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወሩት?

ሠርካዲስ፦ [አንዱን ብርጭቆ አጥብቃ እየወለወለች፣ ቀና ሳትል] እሳቸው? ሃያ ዓመት መለኪያ የፈተሹ ሰው፣ የትኛው መለኪያ እንደሆነ ይጠፋቸዋል?

[ውጭ አውቶቡሱ ጡሩምባ ይነፋል። ይታያል እውነቱን ሊናገር አፉን ይከፍታል። እውነቱ ደግሞ ይህ ነው፤ አንድ አንቱ የተባለ የመለኪያ ባለሙያ ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ስለምን እንደሚያወራ አላወቀም ነበር። አፉን መልሶ ይዘጋዋል።]

ይታያል፦ ስለ... ስለ መለኪያ ነው ያወራሁት።

አብዱናሲር፦ ልክ ናቸው?

ይታያል፦ እኩል ናቸው።

አብዱናሲር፦ ይበቃኛል። እትዬ፣ የሚያጎድሉትን ግን ለጠጪው ንገሪው፤ ባለሙያው እንዳሉት በሐሳቡ ይጨምርበት። አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።

[ይወጣል፤ አየር እንዳገኘ ሰው በረዥሙ እየተነፈሰ። ሠርካዲስ ፎጣውን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትቀመጣለች።]

ይታያል፦ [ድምፁ ወርዷል፤ ምላሱም ሳያዘው ከአንቺ ወደ እርስዎ ተሻግሯል] ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ያውቁ ነበር?

ሠርካዲስ፦ ምኑን፣ የኔ ልጅ?

ይታያል፦ ስለ ግድግዳው እንደማወራ።

ሠርካዲስ፦ መጀመሪያ እኔም ደንግጬ ነበር። ኋላ ዓይንህን ተከትዬ ሳይ ገባኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚያ ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም።

ይታያል፦ ታዲያ ምነው አላረሙኝም?

ሠርካዲስ፦ ቤቴ በአንተ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ላቋርጥህ? በል ተነስ፣ አውቶቡሱ ጥሎህ እንዳይሄድ። ምሳህን በፌስታል ልጠቅልልህ።

ይታያል፦ [ሻንጣውን አንስቶ በሩ ላይ ይቆማል] ሰመራ ያሉት ይሄን ቢሰሙ ምን ይሉኛል?

ሠርካዲስ፦ ከየት ይሰማሉ? አንተ ካልነገርካቸው ማንም አይነግራቸውም።

[ትንሽ ታስባለች።]

ሠርካዲስ፦ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።